2 ሺህ መኪና፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ መልእክት፦ ከዳታቤዞቹ ሞንጎ፣ ካሳንድራ ወይስ ፖስትግሬስ ይበቃል?

ጎማ_እና_ኮድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የጭነት መኪና መከታተያ ሲስተም እየሠራን ነው። ቢሯችን አዲስ አበባ ነው፤ መኪኖቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጅቡቲ መስመር ላይ ናቸው። መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ በየ10 ሰከንዱ መልእክት ይልካል። የመኪናውን መለያ፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ፍጥነቱንና የነዳጁን መጠን ይይዛል። አንዳንዱ መሣሪያ የበር መከፈትንና የሙቀት መጠንን ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። 2 ሺህ መኪና እንደርሳለን ብለን ነው የምናቅደው።

አለቃችን ዳታቤዙ ኖኤስኪውኤል (ከተለመደው ባለ ሠንጠረዥ ዓይነት ውጭ ያለ) ይሁን ብሏል። የትኛው የሚለውን ለእኛ ትቶታል። ከቡድናችን አንዱ ሞንጎ ዲቢ ይላል፣ ሌላዋ ካሳንድራ ትላለች። ዋይሲኤስቢ የሚባለውን የዳታቤዝ ፍጥነት መለኪያ አውርጄ ላፕቶፔ ላይ ሁለቱንም ሞከርኳቸው። ሁለቱም ይበራሉ። ታዲያ በምን ልለያቸው?

ቁጥር_ይቅደም፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካልኩሌተር አውጣ። 2,000 መኪና፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ መልእክት፣ በሰከንድ 200 ማለት ነው። በቀን 17,280,000 መስመር። የቀኑ ቁጥር ያስፈራል፣ የሰከንዱ ግን ምንም አይደለም። መካከለኛ ሰርቨር ላይ ያለ ፖስትግሬስ፣ ያው የተለመደው ባለ ሠንጠረዥ ዳታቤዝ፣ መልእክቶቹን ሰብሰብ አድርገህ በአንድ ትራንዛክሽን ካስገባህለት፣ በሰከንድ 200 መቀበሉን ልብም አይለው።

መጠኑን ደግሞ እይ። አንዱ መልእክት ከነኢንዴክሱ 200 ባይት ይይዛል እንበል። በቀን 3.5 ጊጋባይት ገደማ ነው። 90 ቀን ካስቀመጥክ ከ300 ጊጋባይት ያልፋል። ራምህ 32 ጊጋባይት ቢሆን ዳታህ ወደ አሥር እጥፍ ይሆናል። ላፕቶፕህ ላይ ሁሉም የበረረው ዳታው በሙሉ ራም ውስጥ ስለነበር ነው። ዲስክ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ገና አላየህም።

ደግሞ ስለ መጻፉ ብቻ ነው የነገርከን። ከዚህ ዳታ ላይ ማን ምን ይጠይቃል? እሱን ሳንሰማ የዳታቤዝ ስም መጥራት ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ጎማ_እና_ኮድ፦

ልክ ነህ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ ካርታው፦ እያንዳንዱ መኪና አሁን የት ነው? ይሄ ቀኑን ሙሉ ሲታደስ ይውላል። ሁለተኛ የአንድ መኪና የአንድ ቀን ጉዞ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛ ሲጨቃጨቅ ነው የሚከፈተው። ሦስተኛ የወር መጨረሻ የነዳጅ ሪፖርት፣ ሁሉንም መኪና።

አንድ ነገር ረስቼ፦ መንገድ ላይ ኔትወርክ የሌለበት ብዙ ቦታ አለ። መሣሪያው ያጠራቅምና ኔትወርክ ሲያገኝ በአንዴ ይልካል።

ቡና_እና_ሎግ፦

ቆይ ቆይ። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገህ ልታልፍ ነበር።

እስቲ መጥፎውን ቀን አስብ። ወይ ኔትወርኩ ወይ የእናንተው ሰርቨር ለ3 ሰዓት ጠፋ። እያንዳንዱ መኪና 1,080 መልእክት ያጠራቅማል። በ2,000 ስታባዛው 2,160,000። አገልግሎቱ ሲመለስ ሁሉም አንዴ ይጮሃሉ። የተጠራቀመውን በ10 ደቂቃ ልጨርስ ካልክ በሰከንድ 3,600 መጻፍ አለብህ፣ በዚያ ላይ መደበኛው 200 አለ። ልክ ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው ካርታውን ከፍቶ "መኪናዬ የት ደረሰ?" እያለ ነው። መፈተን ያለበት ያ ሰዓት ነው። አማካዩን ቀን ማንኛውም ዳታቤዝ ያልፈዋል።

ሁለት ወጥመድ ልጨምርልህ። መሣሪያው ልኮ "ደርሶኛል" የሚለው መልስ መንገድ ላይ ከጠፋበት እንደገና ይልካል። ስለዚህ ተመሳሳይ መልእክት ሁለቴ ይመጣል። ቁልፉን የመኪናው መለያ ሲደመር የመሣሪያው ሰዓት አድርገው፤ ሁለቴ ቢጻፍም አንድ ይሆናል። ፖስትግሬስ ላይ "ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ" (ካለ ዝለለው) ትለዋለህ። ካሳንድራ ላይ በተመሳሳይ ቁልፍ ደግሞ መጻፍ በላዩ ላይ መጻፍ ነው፣ ምንም አትጨምርም። ሞንጎ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከስሪት 5.0 ጀምሮ የመጣው ታይም ሲሪስ ኮሌክሽን፣ በሰዓት ተከታትሎ ለሚመጣ ዳታ የተዘጋጀው፣ ለእናንተ የተሠራ ይመስላል፣ ነገር ግን ድግግሞሽ የሚከለክለውን ዩኒክ ኢንዴክስ አይቀበልም። ድግግሞሹን በራስህ ኮድ ልትይዝ ነው፣ አለዚያም ተራ ኮሌክሽን ተጠቀም።

ሌላው፣ የዘገየ መልእክት ካርታው ላይ ያለውን አዲሱን ቦታ መሻር የለበትም። መኪናው አዋሽ ደርሶ ካርታው ወደ ጋላፊ ከመለሰው ስልክህ አያርፍም።

ሰሜን_ነፋስ፦

ከስቶክሆልም ሰላም። እዚህ ካሳንድራ ላይ ነው የምውለው፣ ስለዚህ ወገንተኛ ነኝ፤ ቀድሜ ልናገር።

ይሄ ሥራ ለካሳንድራ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ፌስቡክ ለመልእክት ሳጥን ፍለጋ ሠርቶት በ2008 ክፍት አደረገው። የዳታ አከፋፈሉን ከአማዞን ዳይናሞ፣ የአቀማመጡን ዘዴ ከጉግል ቢግቴብል ወስዷል። ብዙ መጻፍ፣ በቁልፍ ማንበብ፣ ኖድ (አብረው ከሚሠሩት ሰርቨሮች አንዱ) ሲሞት አለመቆም።

ግን ሁሉም ነገር ያለው ፓርቲሽን ኬዩ ላይ፣ ማለትም ዳታው በየትኛው ክፍል (ፓርቲሽን) እንደሚቀመጥ በሚወስነው ቁልፍ ላይ ነው። የመኪናውን መለያ ብቻ ብታደርገው አንድ መኪና በዓመት ከ3 ሚሊዮን መስመር በላይ ያጠራቅማል። በ100 ባይት ብናስበው 315 ሜጋባይት በአንድ ፓርቲሽን ነው፤ የሚመከረው ደግሞ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ቀኑን ብቻ ብታደርገው የ2 ሺህ መኪና ጽሑፍ በሙሉ ያን ቀን ተመሳሳይ ኖዶች ላይ ይወድቃል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። መለያና ቀን አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በፓርቲሽን 8,640 መስመር ነው፣ ከ1 ሜጋባይት በታች። "የዚህን መኪና የዛሬ ጉዞ አሳየኝ" ስትለው አንድ ፓርቲሽን ያነባል፣ አለቀ።

ካርታውም ይፈታል። የመጨረሻውን ቦታ በሌላ ቴብል ስትጽፍ ታይምስታምፑን የመሣሪያውን ሰዓት አድርገው። ካሳንድራ ሁሌም ትልቁን ታይምስታምፕ ነው የሚያምነው። የዘገየው መልእክት ቢመጣም አዲሱን አይሽርም።

ዲቢኤ_በሌሊት፦

ሰሜን ነፋስ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ለእነዚህ ልጆች አይደለም።

ካሳንድራን በ3 ኖድ ብትተክሉት 3 ሰርቨር ማለት ነው። ክላውድ ላይ ከሆነ ክፍያው በዶላር ነው፣ ዶላሩን ማን እንደሚያመጣ አለቃህን ጠይቀው። እዚሁ ቢሮ ካስቀመጣችኋቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ካሳንድራ በተፈጥሮው "ጻፍኩ" ብሎ የሚመልሰው ኮሚት ሎጉ (ጽሑፉ መጀመሪያ የሚመዘገብበት ፋይል) ዲስክ ላይ ሳይጸና ነው። የሚያጸናው በየ10 ሰከንዱ ነው። አንድ ኖድ ቢሞት ሌሎቹ ቅጂ አላቸው ተብሎ ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዩፒኤስ ሥር ከሆኑና መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ካለቀ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይጠፋሉ። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ከማንም ጋር የሉም። መሣሪያው ደግሞ "ደርሶኛል" ስለተባለ አጥፍቶታል።

ከዚያ ቅጂዎቹን የሚያስታርቀው ሪፔር አለ፣ የዲስክ ፋይሎችን የሚያዋህደው ኮምፓክሽን አለ፣ የጃቫ ሜሞሪ አለ። የተሰረዘ ዳታ ምልክቱ 10 ቀን መቆየቱ አለ። ቡድናችሁ ስንት ሰው ነው? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳው ማነው?

የነዳጅ ሪፖርቱንም አትርሱ። 2,000 መኪና በ30 ቀን 60,000 ፓርቲሽን ነው። ካሳንድራ ላይ ጆይን (ቴብሎችን ማገናኘት) የለም፤ "ሁሉንም ደምርልኝ" የሚባለውንም አይወድም። ወይ ዕለታዊ ድምሩን በሌላ ቴብል ታስቀምጣለህ፣ ወይ ስፓርክ የሚባለውን የብዙ ዳታ ማስሊያ ትተክላለህ። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ጥያቄ ነው።

አንዳንዱ መሣሪያ በር አለው፣ አንዳንዱ የለውም ላልከው፣ ለእሱ ብቻ ኖኤስኪውኤል አያስፈልግም። ፖስትግሬስ ከ9.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ጄሰንቢ የሚባል፣ ቅርጹ የሚለዋወጥ ዳታ የሚይዝ ዓይነት አለው። ቋሚዎቹን በኮለን፣ የሚለዋወጡትን በጄሰንቢ አድርግ። ቴብሉን በቀን ፓርቲሽን አድርገው። 90 ቀን ያለፈውን መሰረዝ የአንድ ቀን ፓርቲሽን ድሮፕ ማድረግ ነው፣ በቅጽበት ያልቃል።

ሰሜን_ነፋስ፦

ኮሚት ሎጉ በሴቲንግ ይቀየራል፣ አጽንቶ የሚመልስበት ባች ሞድ አለው። በእርግጥ ዋጋ ያስከፍላል። እኔ የምለው 2 ሺህ መኪና ነገ 40 ሺህ ቢሆንስ ነው።

ዲቢኤ_በሌሊት፦

40 ሺህ መኪና ሲኖራቸው ዲቢኤ (የዳታቤዝ አስተዳዳሪ) የሚቀጥሩበት ገንዘብ ይኖራቸዋል። ያኔ አንተን ከስቶክሆልም እናስመጣሃለን።

ፍጥነት_ለካ፦

እኔ የምገባው በፈተናው በኩል ነው፣ ምርጫውን ለእናንተ ልተው። ላፕቶፕ ላይ ያየኸውን ውጤት እርሳው፣ ምክንያቱን ልንገርህ።

ዋይሲኤስቢን ያሁ ነው በ2010 ያወጣው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን አብሮት የሚመጣው የተዘጋጀ ፈተና የሚጭነው 1,000 ሪከርድ ነው፣ አንዱ ሪከርድ 1 ኪሎባይት ገደማ። በጠቅላላው 1 ሜጋባይት ነው። በስልክህ ካነሳኸው አንድ ፎቶ ያንሳል። በዚህ መጠን የለካኸው ዳታቤዙን ሳይሆን ፕሮሰሰሩን ነው። ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን ስድስት የሥራ ዓይነቶችም አንብባቸው። ኤ ግማሽ ማንበብ ግማሽ ማደስ ነው፣ ሲ ማንበብ ብቻ ነው። ለእናንተ የሚቀርበው ዲ ነው፣ አዳዲሱን ማንበብ። እሱም ግን 95 ከመቶ ማንበብ ነው፤ የእናንተ ግን ተገልብጦ መጻፍ ያመዝናል።

ከእሱ ይልቅ የራሳችሁን ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ። የአንድ ሳምንት እውነተኛ ሎግ አላችሁ። የመኪናውን መለያ እየቀየራችሁ አባዙትና 90 ቀን ሙሉ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ነው መለካት የሚጀመረው፣ ባዶ ዳታቤዝ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር፣ እና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ሁለቱ ዳታቤዞች አንድ ዓይነት ቃል ሳይገቡ ፍጥነታቸውን ማወዳደር ነው። ፖስትግሬስ እንደመጣ ከተጠቀምክበት እያንዳንዱን ኮሚት ዲስክ ላይ አጽንቶ ነው የሚመልሰው። ካሳንድራን ዲቢኤ በሌሊት ነግሮሃል። ሞንጎ ድሮ፣ እስከ 2012 መጨረሻ፣ ድራይቨሮቹ መልስ እንኳ ሳይጠብቁ ይልኩ ነበር፤ በዚያ ዘመን የታዩት አስገራሚ ቁጥሮች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ከ5.0 ጀምሮ ግን የብዙኃኑን ኖዶች ማረጋገጫ ይጠብቃል። ስለዚህ አንዱ "ጽፌያለሁ" ሲል ሌላው "ሰምቻለሁ" ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሴቲንጉን አስተካክለህ ሁለቱንም ወደ አንድ ቃል አምጣቸው፣ ከዚያ ለካ።

ሦስተኛ፣ አማካይ አትይ። 99ኛውን ፐርሰንታይል እይ፣ ማለትም ከመቶው ጥያቄ 99ኙ ያለቁበትን ጊዜ፣ ከተቻለም 99.9ኛውን። እሱም ቢሆን ሊያታልልህ ይችላል። መለኪያህ አንድ ጥያቄ ልኮ መልሱን ጠብቆ ቀጣዩን የሚልክ ከሆነ፣ ዳታቤዙ ለ5 ሰከንድ ሲደርቅ መለኪያውም አብሮ ይደርቃል። በዚያ 5 ሰከንድ መላክ የነበረባቸው 1,000 መልእክቶች የሉም። ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው "አንድ ጥያቄ ዘገየ" ብቻ ነው። መኪኖቹ ግን አይጠብቁህም፣ በየ10 ሰከንዱ ይልካሉ። ስለዚህ ስክሪፕትህ ፍጥነቱን በሰዓት ይቁጠር፤ ጊዜውም መላክ ከነበረበት ቅጽበት ጀምሮ ይቆጠር። ዋይሲኤስቢን ከተጠቀምክ ታርጌቱን (በሰከንድ ስንት እንደሚልክ) ስጠውና የመለኪያ ኢንተርቫሉን "ኢንቴንድድ" በለው። ያኔ እውነቱ ይወጣል።

ጎማ_እና_ኮድ፦

ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚልክ) ላድርገው?

ፍጥነት_ለካ፦

በቀላሉ አስላው። አንዱ ጥያቄ 5 ሚሊሰከንድ ከፈጀ አንድ ትሬድ በሰከንድ ከ200 አያልፍም። 20 ትሬድ ከ4,000 አያልፍም። ስለዚህ 20 ትሬድ አድርገህ "ዳታቤዙ 4,000 ላይ ቆመ" ብትል የቆመው ዳታቤዙ ሳይሆን አንተ ነህ። ስክሪፕቱንም በሌላ ማሽን አስኪደው፣ ከዳታቤዙ ጋር ፕሮሰሰር አይሻሙ።

አንድም ነገር፦ ክላውድ ላይ ርካሹን ማሽን ከተከራየህ የፕሮሰሰር ክሬዲት ያላቸው አሉ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይበራሉ፣ ክሬዲቱ ሲያልቅ ይሳባሉ። ፈተናህን ለሰዓታት አስኪደው። ኮምፓክሽንም ሆነ የፖስትግሬስ ጽዳት የሆነው ቫኪዩም የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ፓጉሜ_ስድስት፦

ከዋናው ትንሽ ልውጣ። የሾፌርና የደንበኛ ስም በአማርኛ ታስቀምጣላችሁ? እንግዲያው ሁለት ነገር። አንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የፊደል አጻጻፍ ሲቀመጥ 3 ባይት ነው። 20 ፊደል ስም 60 ባይት ይሆናል። መለኪያዎቹ የሚፈጥሩት ዳታ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ መጠኑን ያሳንስባችኋል።

ሁለተኛ ፍለጋ። አንዱ "ኃይሉ" ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው "ሀይሉ" ብሎ ይፈልጋል፣ አይገናኙም። ሞንጎም ፖስትግሬስም ይሄን በራሱ አያውቅም። ስትጽፉ ሐ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተቀየረበት ሁለተኛ ኮለን አስቀምጡና ፍለጋው እሱ ላይ ይሁን።

ደግሞ እባካችሁ ፓርቲሽኑን በኢትዮጵያ ወር አታድርጉት። አለቃ ሪፖርቱን በመስከረም ይፈልጋል ብሎ በወራችን የከፈለ ሲስተም አይቻለሁ። 12ቱ ፓርቲሽን ጠብደል ጠብደል፣ ጳጉሜን የ5 ቀን ጭራ። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) አስቀምጡ፣ ለሰው ስታሳዩ ቀይሩት።

ቀይ_ኬብል፦

ለካርታው ሬዲስ ማንም አላነሳም? ሁሉም ራም ውስጥ ነው፣ 2 ሺህ ቁልፍ ምንም አይደለም።

ዲቢኤ_በሌሊት፦

2 ሺህ መስመር የየትኛውም ዳታቤዝ ራም ውስጥ ይገባል። አንድ ተጨማሪ ሲስተም የምትተክለው፣ ያለህ እንዳልቻለው ለክተህ ስታይ ነው። ከፈለግክ ግን በ2024 የሬዲስ ፈቃድ ከተቀየረ በኋላ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር የወጣውን ቫልኪንም እይ።

ቡና_እና_ሎግ፦

ፍጥነት ለካ ከጻፈው ላይ የምጨምረው አንድ ነው፦ በፈተናው መሀል ገመዱን ንቀሉ። በቀስታ "ስቶፕ" ማለት አይደለም። በሰከንድ 3,600 እየገባ እያለ ኤሌክትሪኩን ንቀሉት፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩና ቁጠሩ። ስክሪፕቱ "ደርሶኛል" የተባለለትን መልእክት ሁሉ በሌላ ማሽን ፋይል ላይ ይመዝግብ። ዳታቤዙ ውስጥ የሌለ ግን "ደርሶኛል" የተባለ ካለ፣ ያ የጠፋ ነው። ካይል ኪንግስበሪ ከ2013 ጀምሮ ጄፕሰን በሚባለው ሥራው ኖዶችን እየገደለ፣ በመሀላቸው ኔትወርክ እየቆረጠ ስንት የታወቀ ዳታቤዝ ቃሉን እንደማይጠብቅ አሳይቷል። የእሱን ሪፖርቶች ለምትመርጡት ስሪት ፈልጋችሁ አንብቡ። የሻጮቹን የማወዳደሪያ ገጽ ግን ዝለሉት፣ ሁሉም በራሱ ሜዳ ያሸንፋል።

ጎማ_እና_ኮድ፦

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ነው ያገኘሁት። ከቡድኑ ጋር ተነጋግረን ፖስትግሬስን በአንድ ሰርቨር ከአንድ ቅጂ ጋር፣ ካሳንድራን በ3 ኖድ ልንፈትን ነው። ሞንጎን ለጊዜው አወጣነው፤ ያነሳነው ለተለዋዋጩ ፊልድ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ ጄሰንቢ ይሸፍነዋል። አለቃችን "ኖኤስኪውኤል" ያለው መስፋት ይችላል ለማለት ነው እንጂ በስሙ አይደለም፣ ጠይቄዋለሁ።

የማለፊያ ነጥቡን ፈተናው ሳይጀመር ወረቀት ላይ አስቀመጥነው፣ በኋላ እንዳንጎትተው። 90 ቀን ዳታ ተጭኖ እያለ የ3 ሰዓት ክምችት በ10 ደቂቃ ይግባ። በዚያ መሀል የካርታው 99ኛ ፐርሰንታይል ከግማሽ ሰከንድ አይለፍ። ገመድ ተነቅሎ "ደርሶኛል" ከተባለው አንድም አይጥፋ። የነዳጅ ሪፖርቱ ማታ ይሂድ፣ ግን እስከ ጠዋት ይለቅ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንዳንድ መሣሪያ ሰዓቱ የተበላሸ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት የሚልክ አይተናል። ቁልፋችን የመሣሪያው ሰዓት ከሆነ ምን ይሻላል?

ሰሜን_ነፋስ፦

ይሄ እኔ በነገርኩህ የታይምስታምፕ ዘዴ ላይ አደገኛ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሰዓት ያለው አንድ መልእክት ከገባ፣ ዓመቱ እስኪደርስ ያ መኪና ካርታው ላይ ንቅንቅ አይልም። ዲሊት ብታደርገውም በአሁኑ ሰዓት ስለሚጻፍ አያጠፋውም። ስለዚህ ከበር ላይ አግደው። ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት አስቀምጥ፣ የመሣሪያውንና ሰርቨሩ የተቀበለበትን። የመሣሪያው ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቀድም ከሆነ ዋናው ቴብል ውስጥ አይግባ፣ ለብቻው "የተጠረጠረ" የሚል ቴብል ውስጥ ይግባ። ወደ ኋላ የዘገየውን ግን እስከ ጥቂት ቀን ተቀበለው፣ እሱ ኔትወርክ ያጣ መኪና ነው።

ዲቢኤ_በሌሊት፦

ፖስትግሬስም ላይ ያው ነው። በቀን ከከፈልከው የሚቀጥለው ዓመት ፓርቲሽን ስለሌለ ኢንሰርቱ ኤረር ይሰጣል፤ 500 መልእክት በአንድ ባች እያስገባህ ከሆነ ደግሞ በአንዱ ብልሹ መልእክት ምክንያት 500ውም አብሮ ይመለሳል። የፈተናው ዳታ ውስጥ ሆን ብለህ ጥቂት የተበላሸ ሰዓት ጨምርበት። ባክአፑንም ከዚያው 300 ጊጋባይት ላይ መልሰህ ጭነህ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለካ።

ጎማ_እና_ኮድ፦

ሁለቱንም ዝርዝሩ ላይ ጨምሬያለሁ። ሰርቨሮቹ ሰኞ ይገባሉ፣ ስክሪፕቱን ሳጸዳው እዚሁ እለጥፈዋለሁ።